የሚጥል በሽታ፦ ክብሪት መጫሩ ይቅር፣ ሐኪም ይየው

ከሰበታ አጠገብ ከዓለም ገና ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ቡታጅራ ያደርሳል። የነርቭ ሐኪሙና ተመራማሪው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህች ከተማ ዙሪያ ባለው ገጠር የነርቭ ሕመሞችን አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ውጤት ከ60 ሺህ በላይ ነዋሪዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ። ከ1000 ሰው አምስት ያህሉ ማለት ነው። ልብ በሉ! ከሕሙማኑ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ብዙ ሰው ሕመሙ ከክፉ መንፈስ የሚመጣ፣ በንክኪም የሚተላለፍ ይመስለው ነበር። በሽታው ግን በንክኪ አይተላለፍም።

ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው? የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ኢ.ኢ.ጂ የተባለው፣ በቡታጅራም ጥናት ያገለገለው መሣሪያ ይህንን ሞገድ ይመዘግባል። ብዙ ሕዋሳት ከልክ በላይ በአንድ ጊዜ ሲነሳሱ ሰውየው ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ሁከቱ ሽታን በሚለየው ክፍል ከጀመረ የሌለ ነገር ይሸተዋል፤ በመስሚያው ከጀመረ የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ በማያው ከጀመረ ብልጭታ ያያል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ «ጂን ነው» ይላል። ጂን መኖሩን ማመን ከእምነታችን ነው፤ የወደቀ ሁሉ ግን ጂን ያደረበት አይደለም።

ክብሪት ጭሮ ማሽተትስ? ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያበቃል። ታማሚው የሚነቃው ጊዜው ስለደረሰ እንጂ በክብሪቱ ጭስ አይደለም።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ይህ ሕመም የነበረባት አንዲት ጥቁር ሴት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥታ ዱዓ ጠይቃለች። ብትታገስ ጀነት እንዳላት ሲነገራት ትዕግሥትን መረጠች፤ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ አስደረገች። ስለዚህ በቤትም ሆነ በመስጊድ ሰው ሲወድቅ፦

- ገላውን ሸፍኑ፣ ከእሳትና ከስለታም ነገር አርቁት፤
- ከራሱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፤
- አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ውኃ አታስገቡ፣ በኃይል አትያዙት፤
- ሰዓት ተመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የምትኖሩ ቤተሰቦች ሆይ! በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ አስፈላጊ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይመሯችኋል። እንደ ፌኖባርቢታል ያሉት መድኃኒቶች ዋጋቸው ውድ አይደለም። በአግባቡ ሲወሰዱ ከ10 ሕሙማን ሰባት ያህሉ ከጥቃት ነፃ ሊሆኑ ይችላሉ። ዱዓና ሩቅያ ከክኒኑ ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ ክኒኑን ግን አይተኩም።

ረመዳን ሲቃረብ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ፣ እንቅልፍ ማጣትም ጥቃት ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ወሩ ከመግባቱ በፊት ክኒኑ በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት መወሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ጾም ይጎዳዋል ከተባለ ለበሽተኛ የተሰጠው ፍቃድ የአላህ እዝነት ነው፤ አፈጻጸሙን ዑለማዎችን ጠይቁ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጣቸው። ኣሚን!