አረጋውያን ወላጆቻችንን ከመውደቅ የሚጠብቅ እንቅስቃሴ



«አባባ ወደቁ»፣ «እማማ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተቱ» የሚል ወሬ ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዳሌ ከተሰበረ ደግሞ ችግሩ በስብራቱ አያበቃም። ትናንት ለሱብሒ ብቻቸውን ተነስተው ውዱእ ያደርጉ የነበሩ አባት ዛሬ ሽንት ቤት ለመሄድም ሰው ይጠብቃሉ። ባይሰበሩም እንኳ ዳግመኛ እወድቃለሁ የሚለው ፍርሃት ከቤት እንዳይወጡ፣ ከጀመዓ እንዲርቁ ያደርጋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመላው ዓለም በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ከእነዚህ የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው።

«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለን የምናልፈው ብዙዎች ነን። በቀደር ማመን ግን ሰበብ ማድረስን አያስቀርም። ወጣት ሰው ድንጋይ ሲያደናቅፈው አንድ እግሩን ቶሎ ወደፊት ሰንዝሮ ራሱን ይይዛል። ሽማግሌም ይደናቀፋል፤ ነገር ግን የጭኑና የባቱ ጡንቻ ስለደከመ፣ ሚዛኑን የመጠበቅ ችሎታውም ስለቀነሰ እግሩ አይደርስለትም። እነዚህ ሁለቱ የሚደክሙት በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ባለመሥራትም ጭምር ነው። ስለዚህ ሲያሠሯቸው መልሰው ይበረታሉ፤ በ80 ዓመትም ቢሆን።

ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳዩት በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 233 እናቶች ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየቤታቸው እየሄደች በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ እንቅስቃሴ አስተማረቻቸው። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ራሳቸው እንዲሠሩ፣ በእግራቸውም እንዲንሸራሸሩ ተነገራቸው። በዓመቱ ሲቆጠር ካልሠሩት ዘንድ 152፣ ከሠሩት ዘንድ 88 መውደቅ ተመዘገበ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ23,000 በላይ አረጋውያን የተሳተፉባቸው 108 ጥናቶች በአንድነት ተመርምረው፣ እንቅስቃሴ መውደቅን ከመቶ 23 ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል።

ለመሆኑ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ነው? ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ከባድ ወንበር ይዞ በእግር ጣት ከፍ ማለትና መውረድ፤ ቀጥሎ በተረከዝ ቆሞ ጣትን ማንሳት፤ እግርን ወደ ጎን ማንሳት፤ ጉልበትን በመጠኑ አጥፎ መቃናት። ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ ከሁሉም ይልቅ ለዕለት ኑሮ ይጠቅማል። ለሚዛን ደግሞ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አድርጎ መቆም፣ በአንድ እግር መቆም፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መራመድ አለ። በመጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ኋላ በአንድ እጅ፣ ሲበረቱ ያለ መደገፊያ ይሠራሉ። (የፕላስቲክ ወንበር አታስይዟቸው፤ ራሱ ይንሸራተታል።) ሁልጊዜ እየቀለለ የሚሠራ እንቅስቃሴ ጥቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ቀስ በቀስ ሊከብድ ይገባል።

«በእግር መሄድ አይበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። መሄድ ለልብም ለመንፈስም መልካም ነው። ነገር ግን መሄድ ብቻውን መውደቅን እንደሚቀንስ ጥናቶቹ በእርግጠኝነት አላሳዩም። ሚዛንን የሚፈትንና እግርን የሚያጠነክር ነገር ሊጨመርበት ያስፈልጋል።

ሶላትንም በተመለከተ «ሶላት ራሱ ስፖርት ነው» የሚሉ ንግግሮች ይሰማሉ። እኛ ይህን አንወደውም። ሶላት ዒባዳ ነው። ሩኩዕና ሱጁዱ አካልን እንደሚያንቀሳቅስ ባይካድም ልምምዱን የሚተካ አድርገን አናቅርበው። ቆሞ መስገድ ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ ሸሪዓችን አግርቶለታል። ሆኖም ጉልበታቸው በልምምድ በርትቶ እንደገና ቆመው መስገድ ቢችሉ ለአባቶቻችን ምንኛ ደስታ ነው!

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ወላጅ የምናከብረው በማስቀመጥ ነው። «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ» እንላለን፤ ውኃውን፣ ሰጋጃውን፣ ጫማውን እናቀርባለን። ልቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከመደብ የማይነሱ እናት በወራት ውስጥ እግራቸው ይዝላል፤ ከዚያ ሌሊት ብቻቸውን ሲነሱ ይወድቃሉ። ከባዱን እኛ እንሥራላቸው እንጂ የሚችሉትን አንቀማቸው። ልጆች ከመክተብ ሲመለሱ ከአያታቸው ጋር አብረው ቢሠሩ አያቶችም አይሰለቻቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት ለሞላቸው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ነው። ሲያቆሙት ጥቅሙም ስለሚጠፋ ለአንድ ወር ተሠርቶ የሚተው አይደለም። በረመዷን ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርጉት ይቀላል።

በዚህ ዓመት አንዴ የወደቁ፣ ሲነሱ የሚያዞራቸው ወይም ደረታቸውን የሚያማቸው ግን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ይያቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ አንዳንድ የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒት ራሱ ያንገዳግዳል። ዐይናቸውም ይመርመር። ልምምዱን ሲጀምሩ ሰው አጠገባቸው ይቁም፤ ከውዱእ በኋላ የረጠበው ወለል ሳይደርቅ አይጀምሩ።