የአእምሮ ውጥረትን ለማስታገስ የሚወሰዱ ዕፅዋት፤ የጤና ባለሙያው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለሚሠራ የጤና ባለሙያ «እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ይመታል፣ ሐሳብ በዛብኝ» የሚል ታካሚ እንግዳ አይደለም። በመተከል ዞን ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በተከሰተው ግጭት ብዙ ሰዎች ተገድለዋል፤ እጅግ ብዙዎችም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል የተሻገሩ ስደተኞች በአሶሳ ዙሪያ ወዳሉ መጠለያዎች ገብተዋል። ከእነዚህ ወገኖች መካከል ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት በጓሮ ወይም በገበያ የሚገኝ ዕፅ የሚሞክረው ጥቂት አይደለም።

ውጥረት ሰውነት ለአደጋ ወይም ከአቅም በላይ ለሆነ ጫና የሚሰጠው ምላሽ እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ጉዳት የሚያስከትለው ሁኔታው ሲራዘም ነው።

ዕፅዋቱና ማስረጃው

ግዛዋ፦ በሕንድ አሽዋጋንዳ በመባል የሚታወቀው ዕፅ ነው። ከሥሩ የተዘጋጀ፣ መጠኑ የተለካ ውህድ ለጥቂት ሳምንታት የወሰዱ ሰዎች ውጥረታቸው እንደቀነሰ አነስተኛ ጥናቶች አሳይተዋል። በአገራችን ግን ግዛዋ ለቡዳና ለመሳሰለው ሲታጠን ይታያል፤ ስለዚህ የእነዚያን ጥናቶች ውጤት ለጭሱ ማዋል አይቻልም። ከዚህም በላይ ዕፁ በጉበት ላይ ጉዳት እንዳደረሰና የታይሮይድ ሆርሞንን እንደጨመረ ተዘግቧል። እንቅርት ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች እንዳይወስዱት መምከር ይገባል።

ጤና አዳም፦ ለጣዕም ያህል ቡና ውስጥ የምትገባው ቅጠል አታሳስብም። በብዛት ተቀቅሎ ሲጠጣ ግን ማሕፀንን ሊያኮማትርና ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ከርከዴ፦ በአሶሳ ዘወትር የሚጠጣው ከርከዴ ካፌይን የለበትም፤ የደም ግፊትን በመጠኑ ይቀንሳል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት ሲጠጣው ራሱን ያዞረው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቡናና ጫት፦ ሁለቱም አነቃቂ ናቸው። ሐሳቡን ለመርሳት ጫት የሚቅም ሰው ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ በማግስቱ ይበልጥ ተጨንቆ ይነሣል።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ እንክብልም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የዶሉቴግራቪርን፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበር መከላከያን ኃይል ያዳክማል። ከፍሉኦክሰቲን ጋር መውሰድም አደገኛ ነው።

ትልቁ አደጋ ዝምታ ነው

አንዲት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እናት እንዲህ ያለ እንክብል መጀመሯን ለባለሙያው ሳትናገር ብትቀር የቫይረሱ መጠን ለምን እንደጨመረ ማንም አያውቅም። ያልተናገረችው ደግሞ ቀደም ሲል ስለ ባህል መድኃኒት ስታነሣ ተገሥጻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችን «እናቴ፣ እስካሁን በቤትዎ ምን ሞከሩ? ረዳዎት?» የሚል ይሁን። መልሱም በካርዱ ላይ ይመዝገብ።

ቀጥሎ ውጥረት የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞችን መለየት ያስፈልጋል። ደም ማነስ፣ ወባ፣ የታይሮይድ ሕመምና የአልኮል ሱስ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ዶሉቴግራቪር ራሱ በአንዳንድ ሰዎች ላይ እንቅልፍ ማጣትን ያስከትላል። ታካሚው ከሁለት ሳምንት በላይ ደስታ ካጣ፣ ከምግብና ከሥራ ከራቀ ድብርትን እንጠርጥር፤ ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነም በግልጽ እንጠይቅ። መጠየቁ ሐሳቡን አይጭርም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል።

እኛስ ምን እንሰጣለን? ዕፅዋትን እየነቀፍን ለኀዘንተኛው ዲያዜፓም የምናዝዝ ከሆነ አልተሻልንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ በኀዘን ወይም በቅርብ ጊዜ በደረሰ ከባድ አደጋ ለተጨነቁ ሰዎች ቤንዞዲያዜፒን እንዳይሰጥ መክሯል። ድርጅቱ ያዘጋጀውና በድምፅ ቅጂና በሥዕላዊ መጽሐፍ ለቡድን የሚሰጠው የውጥረት መቋቋሚያ ሥልጠና በኡጋንዳ በሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ጭንቀታቸውን እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሥልጠናውን ለመስጠት የአእምሮ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በአሶሳ ዙሪያ ላሉ መጠለያዎችም የሚስማማ ይመስለናል።

በጥቅሉ ሦስት ነገሮችን እንያዝ፦ ጉዳት የሌለውን ልማድ አንከልክል፤ አደገኛውን ለይተን በአክብሮት እናስረዳ፤ የተደበቀውን ሕመም ደግሞ ሳንፈልግ አንለፍ። ከጎረቤት ጋር ከርከዴ ይዞ መቀመጥ የሚሰጠው እፎይታ ከመጠጡ ይልቅ ከጎረቤቱ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ እርሱንም ማበረታታት የሕክምናችን አካል ነው።