ስም ለሥዕል ሲዋስ

በሰቆጣ አጠገብ ካለው ከውቅር መስቀለ ክርስቶስ የደረሰ ምእመን፥ ከዓለት ተፈልፍሎ የወጣውን ቤተ መቅደስ አይቶ የሚደነቀው የጠራቢውን ዝና አስቀድሞ ስለ ሰማ አይደለም፤ ጠራቢዎቹን ዛሬ በስም የሚጠራቸው የለምና ሥራቸው ብቻውን ይመሰክርላቸዋል። በዘመናችን ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒውተር ጥበብ በጥቂት ቃላት ትእዛዝ ሥዕል ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፥ ተመልካቹ ሥዕሉን ከመመርመሩ አስቀድሞ የባለቤቱን ማንነት ይጠይቃል።

ለምሳሌ ሃሮልድ ኮኸን በ1966 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ እንግሊዝን የወከለ ስመ ጥር ሠዓሊ ነበርና፥ በኋላ አሮን የተባለውን ሥዕል ነዳፊ ፕሮግራም አበጅቶ ሥራውን በ1983 በለንደኑ ቴት ጋለሪ ለማሳየት በቃ። ጄሰን አለን ግን በ2022 በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ትርኢት፥ ሚድጆርኒ በተባለው ፕሮግራም ባወጣው ሥዕል አንደኛ ሲወጣ ከሠዓልያን ብርቱ ቁጣ ተነሣበት፤ የአገሩ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤትም በ2023 ሥዕሉን አልመዘግብም አለ። እርግጥ ኮኸን ፕሮግራሙን ራሱ ጽፎታል፥ አለን ግን ሌሎች ባበጁት ተጠቀመ፤ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሆኖም ሕዝብ የታወቀውን ሠዓሊ የሚታገሠው፥ በብዙ ዓመት ድካም ያፈራውን ስሙን ለአዲሱ ሥራ ዋስ አድርጎ እንዳቀረበ ስለሚቈጥር ጭምር ይመስለኛል፤ ሥራው ቢከፋ የሚጐዳው የራሱ ክብር ነውና።

በእኛም አገር ስሙን ለሥራው ያዋሰ ሠዓሊ አልጠፋም። በ15ኛው መቶ ዘመን፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፥ ፍሬ ጽዮን የሣለው የእመቤታችን ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሲኖር የሠዓሊው ስም ተጽፎበታል። ስማቸውን ያልጻፉት ብዙዎቹም ቢሆኑ ከመምህር ተምረው፥ ሥርዓተ ሥዕሉን ጠብቀው፥ በሚያውቃቸው ማኅበር ፊት የሚሠሩ ስለ ነበሩ ተጠያቂ አልባ አልነበሩም። ኮምፒውተሩ ግን መምህርም ንስሐ አባትም የለውም፤ ስለዚህ ተጠያቂነቱ ባዘዘው ሰው ላይ ይወድቃል።

በእኔ ፍርድ የኮምፒውተርን ሥራ ሸሽጎ በዝናው የሚሸጥ ታላቅ ሠዓሊ፥ በኮምፒውተር መታገዙን በግልጽ ከሚናገር ስም የለሽ ወጣት ይልቅ ጥፋተኛ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በሰቆጣም ሆነ በአዲስ አበባ ሥዕል ስትገዛ፥ ይልቁንም ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ሥዕል ስትሰጥ፥ ማን እንደ ሠራው ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ተሠራም ጠይቅ፤ ሻጩም እውነቱን በጽሑፍ እንዲሰጥህ አድርግ።