አሮጌ የጓዳ ዕቃና የባለቤቱ ፍቅር

የሰውን ልጅ ከሚገለገልበት ዕቃ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመረምር ሰው ዓይኑን አስቀድሞ የሚጥለው በከበረው ነገር ላይ ነው። ዘውድ፣ ጋሻ፣ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ በብር ያጌጠ ኮርቻ በቶሎ ይመዘገባል፤ በቶሎም ጠባቂ ያገኛል። በጓዳ ጨለማ ውስጥ የሚኖረው ጥቀርሻ የለበሰ ድስት፣ ከንፈሩ የተሸረፈ ማድጋ፣ አንገቱ የጠቆረ ጀበና ግን ዋጋው ጥቂት፣ መልኩም ተራ ስለ ሆነ ተመልካች የለውም። ሆኖም ቤት ሲፈርስ፣ ውርስ ሲከፈል ወይም ጓዝ ሲጫን ባለቤቲቱ «ይህስ አይጣልም» ብላ የምትከራከርለት ብዙ ጊዜ ይኸው ተራ ዕቃ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰብ ዘንድ ይህ ፍቅር ከምን እንደሚመነጭ፣ በምን እንደሚገለጽ፣ ወሰኑም እስከ የት እንደ ሆነ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ስለ ቃላቱ

በመጀመሪያ ቃላቱን መለየት ይገባል። «ዕቃ» ሰፊና ስሜት የማይታይበት ቃል ነው። «ጓዝ» የሚባለው ዕቃው ከባለቤቱ ጋር ለጉዞ ሲነሣ ነው፤ ሙሽራም፣ ወታደርም፣ ስደተኛም ጓዝ አለው። «ኮተት» ወይም «ቅራቅንቦ» ደግሞ የማይረባ ተብሎ የተናቀው ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ «ኮተቴን ልሰብስብ» ሲል በንቀቱ ውስጥ ፍቅር አለበት። «ቅርስ» የሚለው ቃል በዛሬው የመንግሥትና የትምህርት ቤት ቋንቋ የአገርን ታላቅ ሀብት ያመለክታል፤ በቤት ንግግር ግን ከ«ጥሪት» ጋር ተጣምሮ ሰው ደክሞ ያፈራውንና ለክፉ ቀን ያኖረውን ነገር ይገልጻል። እንግዲህ አንዱ ዕቃ እንደ ተናጋሪው ስሙን ይለዋውጣል። ምራቲቱ ቅራቅንቦ የምትለውን ማድጋ አማቲቱ ቅርስ ትለዋለች፤ የሁለቱም ክርክር ስለ ማድጋው ብቻ አይደለም፤ ቤቱ የማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ጭምር ነው።

ዕቃን ስለ ማሟሸት

የፍቅሩ አንደኛ ምንጭ በዕቃው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። አዲስ ሸክላ ወዲያው አያገለግልም። አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደ መጣ እንጀራ አይጋገርበትም፤ እሳት ላይ ተጥዶ የተወቀጠ የጎመን ዘር እየተነሰነሰበት ፊቱ በጨርቅ ይታሻል። ቅባቱ በሸክላው ውስጥ እየሰረገ ፊቱ ጠቁሮ ሲለሰልስ ያን ጊዜ «ሟሸ» ይባላል። ከዚያም በኋላ ቢሆን የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች መያያዛቸው፣ ዓይናቸውም አለማማሩ የተለመደ ነው። አዲስ ጀበና የአፈር ጣዕሙን እስኪለቅ ድረስ ውሃና የቡና አተላ ይፈላበታል። ጋንና እንስራ በግራዋ ቅጠል ይታጠባሉ፤ ጠላ ከመጠመቁ በፊት በወይራ ጢስ ይታጠናሉ። የወተት ቅልም እንዲሁ ይታጠናል፤ ጢሱ ሽታ ብቻ ሳይሆን መጠበቂያ ነውና።

ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚሆነው የሊጥ ማቡኪያው ቡሃቃ ነው። ከአንዱ ሊጥ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው እርሾ በውስጡ ይኖራል፤ በግድግዳው ላይ የቀረው ጥቂት ሊጥ እንኳ የሚቀጥለውን ለማቡካት ይረዳል። ስለዚህ የጓዳ ዕቃ በቆየ ቁጥር ሥራውን የሚያውቅ ይሆናል። ለከተማ ሰው «አሮጌ» ማለት ኃይሉ ያለቀ ማለት ሲሆን፣ ለጋጋሪዋ ግን አሮጌ ምጣድ ማለት የተፈተነና የታመነ ማለት ነው። ምጣድ ሲሰበር የምታዝነው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ወራት ማሟሸትና መጋገር ያደረችው ድካም ነው አብሮ የሚሰበረው።

የእጅ ምልክትና ልክ

ሁለተኛው ምንጭ ዕቃው የባለቤቱን አካል መምሰሉ ነው። የወፍጮ ድንጋይ መካከሉ ይጎደጉዳል፤ ከላይ የሚገፋው መጅ እንደ ገፊዋ እጅ ይሳሳል፤ ፊቱ ሲለሰልስም ይወቀራል። ማማሰያ በአንድ ወገን ብቻ ያልቃል፤ ከዚያም ባለቤቲቱ ቀኝ እጇን ወይም ግራ እጇን የምትጠቀም መሆኗ ይታወቃል። የጠፍር አልጋ ተኝቶበት በኖረው ሰው ልክ ይረግባል።

ልኩም የሚገኘው በዕቃው ውስጥ ነው። በጓዳ ውስጥ ሚዛን የለም፤ የምግቡ ልክ «በዚያች ድስት እስከ አንገቷ»፣ «በትልቁ ጭልፋ ሁለት» እየተባለ ይነገራል። ልጂቱ ከእናቷ ሙያን ስትማር የምትማረው ከዕቃዎቹ ጋር አያይዛ ነው። ዕቃው ሲጠፋ ልኩም ይጠፋል። «እንደ እናቴ አልጣፈጠልኝም» የምትል ሴት ብዙ ጊዜ የጎደላት ቅመም ሳይሆን የእናቷ ድስት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእናት ወደ ልጅ

ሦስተኛው ምንጭ መተላለፉ ነው። መሶብ የሚሰፋው ከስንደዶና ከአክርማ ነው፤ ስንደዶው እንደ አጥንት፣ አክርማው እንደ ሥጋ ሆኖ እየተጠቀለለ በወስፌ እየተወጋ ይሠራል። ትልቅ መሶብ ከሌላ ሥራ ጋር ሲሰፋ ብዙ ወራት ይፈጃል። ልጃገረድ ከማግባቷ በፊት የሰፋችው መሶብ፣ ሙዳይና ሰፌድ የሙያዋ ምስክር ነበር፤ ወደ ባሏም ቤት ይዛው ትሄዳለች። ከሞተች በኋላ የእጇ ሥራ የሆነው መሶብ ለልጇ ሲደርስ፣ ልጂቱ የምትወርሰው መቅረቢያ ብቻ አይደለም፤ እናቷ ልጃገረድ ሳለች የመረጠችውን ቀለምና የጣለችውን ጥለት ጭምር ነው። እናቱን በእርጅናዋ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ወጣትነቷን የሚያይበት ሌላ ነገር ጥቂት ነው።

የቆዳ አንቀልባም ከበኩር እስከ መጨረሻ ልጅ ድረስ ያገለግላል፤ ወንድማማቾች ሁሉ በአንድ አንቀልባ ታዝለዋል። የነጠላ ዕድሜ ደግሞ የሰውን ዕድሜ ተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ አዲስ ሲሆን ለክብረ በዓል ይለበሳል፤ ሲያረጅ የቤት ልብስ ይሆናል፤ ፈጽሞ ሲለሰልስ አራስ ሕፃን ይጠቀለልበታል፤ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ይሆናል።

ከአማርኛ ተናጋሪው ወገን ውጭ ያለ አንድ ምሳሌ ነገሩን ያብራራዋል። በሐረር ከተማ፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ የቤቱ ግድግዳ በሴቶች በተሰፉ የስፌት ዕቃዎችና በሳሕኖች ይሸፈናል። በዚያ የስፌት ዕቃ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል በግልጽ ይታያል። በሰሜኑና በመካከለኛው አገር ግን የጓዳ ዕቃ እንደ ስሙ በጓዳ ይሰወራል፤ ፍቅሩም በንግግር እንጂ በማሳየት አይገለጽም። «የእምዬ ድስት»፣ «የአያቴ ጀበና» ተብሎ በሰው ስም መጠራቱ የዚህ ፍቅር ዋነኛ ምልክት ነው።

ስለ ስብራት

ዕቃው ሲሰበርም ከቤት አይወጣም። ስሙ ተለውጦ «ገል» ይባላል፤ ሥራም ይሰጠዋል። ከጎረቤት ፍም ይመጣበታል፣ ዕጣን ይጨስበታል፣ የዶሮ ውሃ ይቀመጥበታል። የተሰነጠቀ ቅል ይሰፋል፤ ስፌቱም አያሳፍርም። ይህ ቁጠባ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጠባ ብቻ አይደለም። በብዙ ዘመን ያገለገለን ዕቃ ወደ ቆሻሻ መጣል ውለታ እንደ መርሳት ይቆጠራልና፣ ዝቅ ያለ ሥራ እየተሰጠው ቀስ በቀስ ይሰናበታል።

የፍቅሩ ወሰን

እስከዚህ የተባለው ሁሉ መልካሙ ገጽ ነው። ተመራማሪ ግን ሁለት ነገሮችን ሳይሸሽግ ማስተዋል አለበት።

አንደኛው፣ ዕቃውን መውደድ ሠሪውን እስከ መውደድ አለመድረሱ ነው። ሸክላ ሠሪ በብዙ ስፍራ የተናቀች ነበረች፤ «ቡዳ» ተብላ ትፈራ፣ ጋብቻም ትከለከል ነበር። በጎንደር አካባቢ ሸክላ በመሥራትና ብረት በመቀጥቀጥ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ስም ለብዙ ዘመን ተሸክመዋል። እመቤቲቱ ጀበናዋን እንደ ልጅ እየተንከባከበች፣ ጭቃውን አቡክታ፣ አለስልሳ፣ የተኮሰችውን ሴት ግን ከደጇ አታሳልፍም። ዕቃው በ«የአያቴ ጀበና» ስም ሲጠራ ከገዢዎቹ ወገን የሆነችው አያት ስትታወስ ሠሪዋ ትረሳለች። ስለዚህ የትዝታው ሰንሰለት ከገበያ በኋላ ይጀምራል፤ ከገበያ በፊት ያለው ቀለበት ሆን ተብሎ የተቆረጠ ነው።

ሁለተኛው፣ የሚናፍቀው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ወፍጮን በናፍቆት የሚያነሣው ብዙ ጊዜ በድምፁ ተኝቶ ያደገው ልጅ ነው። ሌሊት ተነሥታ በጉልበቷ ተንበርክካ የፈጨችው ሴት ግን የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ድንጋዩን ያለ ሐዘን ተሰናብታለች። ቀንበር ለነበረባት ሰው ዕቃው የሥቃይ መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ሕዝቡ አሮጌ ዕቃውን ይወዳል» ብሎ በጅምላ መጻፍ ስሕተት ነው፤ የትኛውን ዕቃ፣ ማን፣ በየትኛው ዕድሜው ይወዳል ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

የዘመኑ ለውጥ

በከተማ የዕቃው ዕጣ የሚወሰነው በበር ላይ ነው። በአዲስ አበባ መንደሮች «ቁራሌው» እያለ የሚጣራው ነጋዴ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና የተጣለ ዕቃ ይገዛል፤ «ልዋጭ» የሚለውም በአሮጌ ልብስና ጫማ ፋንታ አዲስ ሳሕን ወይም የፕላስቲክ ባልዲ ይሰጣል። ብዙው ብረት ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደገና ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ መጥበሻና ማንደጃ ይሆናል። በእነዚህ ሰዎች ፊት እናትና ልጅ የሚከራከሩት ክርክር ለጥናት እጅግ የሚጠቅም ነው፤ ዕቃው ዋጋ የሚወጣለትም፣ ዋጋ የለውም የሚባለውም በዚያች ቅጽበት ነውና።

እንስራን የፕላስቲክ ጀሪካን ተክቶታል፤ ቀላልና የማይሰበር ስለ ሆነ ውሃ የሚቀዱ ሴቶችን ወገብ አሳርፏል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል፤ የእሳቱ ምንጭ ቢለወጥም የሚጋገርበት ፊት አሁንም ሸክላ ነው፤ እርሱም ይሟሻል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ ከቀበሌ ቤትና ከግቢ ኑሮ ወደ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ሲዛወር ደግሞ ጋን የሚቆምበት ጥግ፣ ጢስ የሚወጣበት ማድ ቤት፣ ሙቀጫ ሲወቀጥ ከታች ያለውን ጎረቤት የማያውክ መሬት ጠፋ። በዚህ ጊዜ የሚቀረው ዕቃ ትንሹ ነው፤ ጀበናና ስኒ፣ መሶብ፣ ሙዳይ።

በስደት ይህ ምርጫ የከረረ ይሆናል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን፣ በሁለተኛው ጊዜ ብቻ ከ14,000 በላይ ነበሩ፤ ጓዝ ለመያዝ ጊዜም ቦታም አልነበራቸውም። ሸክላን ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ ሲሠሩ የኖሩ እናቶች ያለ ሸክላ ዕቃ መሄዳቸው ልብ የሚነካ ነገር ነው። በሌላ ዘመን በፈቃዳቸው ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሄዱት ግን ጀበናን በልብስ ጠቅልለው በሻንጣ ይወስዳሉ። በዚያ አገር ቡና በኤሌክትሪክ ማፍያ የሚፈላበት ቤት እንኳ ጀበናው በእንግዳ መቀበያው ይቀመጣል። በጓዳ የተሰወረው ወደ ሳሎን ወጣ ማለት ነው። «ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ይላል ተረቱ፤ ቅሉ ከአገሩ ሲወጣ ግን ድንጋይ መስበር ቀርቶ ውሃም አይቀዳበትም፤ ሥራው አገሩን መመስከር ብቻ ይሆናል።

ለጥናት የሚሆን ሐሳብ

በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ በሚገኘው ሙዚየሙ የሕዝብን ዕቃ በሰው የሕይወት ጉዞ ተራ፣ ከሕፃንነት እስከ ሞት፣ አሰናድቶ ማሳየቱ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መንገድ ከፍቷል። ዕቃ ብቻውን ሳይሆን ከባለቤቱ ዕድሜ ጋር ሲታይ ይናገራልና።

እንግዲህ በየገጠሩ ለጥናት የሚወጣ ተማሪ የዕቃውን ስም፣ ቁመትና የተሠራበትን ነገር መዝግቦ እንዳይቆም ይመከራል። አራት ጥያቄ ይጨምር፦ ዕቃውን ማን ሠራው? ከማን ወደ ማን ተላለፈ? የት ላይ ተጠገነ? ቤቱ ቢቃጠል ከዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የሚወጣው የትኛው ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ የተረሳችውን ሸክላ ሠሪ ወደ ታሪኩ ይመልሳታል። የመጨረሻው ደግሞ ስለ ቤቱ ሰዎች ከብዙ ገጽ የዕቃ ዝርዝር ይልቅ ያስረዳል። ይህም ሳይዘገይ መደረግ አለበት፤ መሶቡ ከሰፊዋ በኋላ ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል፤ የማን እንደ ነበረ የምታውቀው ሴት ግን አትቆይም።