የሚሽከረከረው ዲስክና ጊዜው ያለፈበት ፓተንት

ሕግ የተማርኩ ሰው ስለ ማይክሮስኮፕ ልጽፍ መነሳቴ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ሆኖም ጉዳዩ ውስጥ ፓተንት አለበትና ታገሱኝ።

በቅድሚያ ችግሩን እንየው። ተራው ማይክሮስኮፕ ናሙናውን በሙሉ በብርሃን ያጥለቀልቀዋል። ናሙናው ወፈር ካለ ከምንፈልገው ንብርብር ላይና ታች የሚመጣው ብርሃን አብሮ ይገባና ምስሉን ያደበዝዘዋል። አሜሪካዊው ማርቪን ሚንስኪ የአንጎል ሴሎች እንዴት እንደተሳሰሩ ለማየት ሲል መላ ዘየደ። ብርሃኑን በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ማሳረፍ፣ ተመላሹን ብርሃን ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ ማሳለፍ። ከሌላ ጥልቀት የሚመጣው ብርሃን ቀዳዳዋን ስለሚስት በአብዛኛው ውጭ ይቀራል። ሚንስኪ ማመልከቻውን እ.ኤ.አ. በ1957 አስገብቶ ፓተንቱን በ1961 አገኘ። ዛሬ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የሚባለው ይኸው ነው።

ብልሃቱ ግን ዕዳ አለው። ሙሉ ምስል ለማግኘት ነጥቧን በናሙናው ላይ ሁሉ ማዳረስ ያስፈልጋል። የተለመደው መንገድ በበሬ እንደሚያርስ ገበሬ መስመር በመስመር መሄድ ነው። ገበሬው ዳር ሲደርስ በሬዎቹን ያዞራል። ብርሃኑን የሚመራው መስታወትም በየመስመሩ ጫፍ ቆሞ መመለስ አለበት። በዚህ መሀል ጊዜ ይባክናል፤ ሕይወት ያለው ሴል ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

የሚሽከረከር ነገር ግን ዳር የለውም። ይህንን ጀርመናዊው ፖል ኒፕኮቭ በርሊን ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1884 ባቀረበው የፓተንት ማመልከቻ አሳይቷል። ዲስኩ ላይ ቀዳዳዎች በጥምዝ መስመር ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቀደመው ትንሽ ገባ ብሎ ስለሚያልፍ አንድ ዙር ሲሞላ ምስሉ በሙሉ ይዳሰሳል። የኒፕኮቭ ዓላማ ምስልን በኤሌክትሪክ ወደ ሩቅ መላክ ነበር።

በ1960ዎቹ የቼኮዝሎቫኪያዎቹ ሞይሚር ፔትራንና ሚላን ሀድራቭስኪ ይህንን ዲስክ ወደ ማይክሮስኮፕ አመጡት። ቀዳዳዎቹ ብዙ ስለሆኑ ብዙ ነጥቦች በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ችግሩ ዲስኩ አብዛኛውን ብርሃን ማገዱ ነበር። በ1990ዎቹ የጃፓኑ ዮኮጋዋ ኩባንያ 20,000 ያህል ጥቃቅን ሌንሶች ያሉት ሁለተኛ ዲስክ ጨመረበት። እያንዳንዱ ሌንስ ብርሃኑን ወደ ራሱ ቀዳዳ ይሰበስባል። ዲስኮቹ በደቂቃ 1,800 ዙር አብረው እየዞሩ በሰከንድ እስከ 360 ምስል ይሰጣሉ። እርግጥ ናሙናው በጣም ሲወፍር ብርሃን ወደ ጎረቤት ቀዳዳ ሾልኮ ጥራቱን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ። ፓተንት ውል ነው። ፈጣሪው ምስጢሩን ለሕዝብ ይገልጣል፣ ሕዝብ ደግሞ ለተወሰነ ዘመን ብቸኛ መብት ይሰጠዋል። የኒፕኮቭ መብት ያበቃው ቴሌቪዥን ከመታየቱ ብዙ ዓመታት በፊት ነው። የሚንስኪም 17 ዓመት በ1978 ተጠናቀቀ፤ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ገበያውን የያዘው ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሕዝብ ድርሻውን ወሰደ፣ ፈጣሪዎቹ ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

“ታዲያ ዘመኑ ይራዘም” የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዘመኑ ቢራዘም ኖሮ የኋለኞቹ በቀደሙት ሐሳብ ላይ እንደልብ መገንባት ባልቻሉ ነበር። የእኛው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት 15 ዓመት ሰጥቶ፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት እንዲጨመር ደንግጓል። ጊዜው ላልደረሰ ፈጠራ ግን ይህ ቅድመ ሁኔታ የማይቻለውን መጠየቅ ነው። እንዲህ ላለው ፈጣሪ የሚበጀው ረዥም የሕግ ዘመን ሳይሆን ገበያው እስኪመጣ የሚያቆየው የምርምር ገንዘብ ነው። ሕግ መብትን ይጠብቃል እንጂ ሆድን አይሞላም።