ከዲቪዲ ወደ ቅንብር፦ ምስሉ ለምን ዝግጅት ያስፈልገዋል?

ዲቪዲ በ1996 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ብዙ የሠርግና የምረቃ ምስሎች ከቪዲዮ ካሴት ወደዚህ ስስ ዲስክ ተሸጋግረዋል። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ዋናው ካሴት ጠፍቶ ዲስኩ ብቻ ቀርቷል። በቤትና በስቱዲዮ የሚቀረጹ ዲስኮች መረጃውን የሚይዙት በኦርጋኒክ ቀለም ስለሆነ በብርሃንና በሙቀት ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ስለዚህ ምስሉን ወደ ኮምፒውተር አሻግሮ እንደገና ማቀናበር የሚፈልግ ሰው በጥንቃቄ መሥራት ይኖርበታል። እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

እንደሚታወቀው ቪዲዮ የቋሚ ምስሎች ተከታታይ ነው። ኢትዮጵያ በቴሌቪዥን ስርጭቷ ለዓመታት በተጠቀመችበት የፓል ሥርዓት፣ በሰከንድ 25 ምስሎች ያልፋሉ፤ እያንዳንዱም 720 በ576 ነጥቦች አሉት። ይህ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ የአንድ ሰዓት ምስል 56 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል፤ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ግን የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ኤምፔግ-2 የተባለው የመጭመቂያ ዘዴ ምስሎቹን በቡድን ይከፍላል። በየቡድኑ አንዱን ምስል በሙሉ ይመዘግባል፤ ለሌሎቹ በአመዛኙ ልዩነታቸውን ብቻ ይጽፋል። በፓል ዲቪዲ አንዱ ቡድን እስከ 15 ምስሎች ይይዛል።

ይህ አሠራር ለተመልካች ይስማማል። አቀናባሪው ግን በቡድኑ መካከል መቁረጥ ሲሻ፣ ሶፍትዌሩ ከሙሉው ምስል ተነሥቶ ማስላት ስለሚገባው ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ተግባር የዲስኩን ይዘት በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ቀድቶ ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው። ምስሉ ቪኦቢ በተባሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይገኛል። ፋይሎቹ ለየብቻ ወደ ቅንብር ቢገቡ መጋጠሚያቸው ላይ ድምፅ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ በቅድሚያ በቅደም ተከተል ሊቀጠሉ ይገባል።

ቀጥሎ የተቀጠለው ፋይል እንደ ፕሮሬስ ወዳለ፣ እያንዳንዱን ምስል ራሱን ችሎ ወደሚያስቀምጥ ዓይነት ይለወጣል፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ይሠራል። አዲሱ ፋይል ከዋናው ብዙ እጥፍ ይገዝፋል። ይህ ጥራት አይጨምርም፤ ነገር ግን ቅንብሩን ያቀላጥፋል፣ ተደጋጋሚ መጭመቅ የሚያስከትለውንም ጉዳት ይቀንሳል።

ሦስት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው የመስመሮች ጉዳይ ነው። በርካታ የዘመኑ ካሜራዎች ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች በሰከንድ 1/50 ልዩነት ይቀርጹ ነበር። በኮምፒውተር ሲታይ የሚንቀሳቀስ እጅ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ የሚሰነጣጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሮቹን ሳይለያዩ የምስሉን መጠን መለወጥ ሁለቱን ጊዜያት ስለሚያደባልቅ ከዚያ በኋላ ማረም ያስቸግራል።

ሁለተኛው የነጥቦቹ ቅርጽ ነው። የዲቪዲ ነጥቦች እኩል ጎን የላቸውም፤ ያው 720 በ576 እንደ 4 ለ3 ወይም እንደ 16 ለ9 ሊዘረጋ ይችላል። ሶፍትዌሩ ይህን ካልተረዳ የሙሽሮቹ ፊት ቀጥኖ ይረዝማል።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ከአሜሪካ የሚላኩ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ የኤንቲኤስሲ ናቸው፤ 480 መስመሮችና በሰከንድ 29.97 ምስሎች አሏቸው። የዋሽንግተኑን ሠርግ ከአዲስ አበባው መልስ ጋር የሚያቀናብር ሰው አስቀድሞ አንዱን ፍጥነት መምረጥ አለበት።

ይህ ሁሉ የራሳችን ለሆኑ ወይም ፈቃድ ላገኘንባቸው ሥራዎች ነው፤ የሌሎችን የፈጠራ ሥራ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቃል።

ውድ አንባቢያን፣ ሙሉውን ከመለወጣችሁ በፊት የአንድ ደቂቃ ክፍል ብቻ አዘጋጅታችሁ ተመልከቱ። ክቡ ነገር ክብ ሆኖ ከታየ፣ የሚንቀሳቀሰው ካልተሰነጣጠቀ፣ ድምፁም ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ከገጠመ፣ ቅንብሩን መጀመር ይቻላል።