አንድ ኮሜዲያን በየሳምንቱ "ይቺን እዩልኝ" ይላል፤ ከስልካችን ምርጫ በምን ይለያል?

ክሪስ ደፊ የሚባል አሜሪካዊ ኮሜዲያን አለ። እኛ ሀገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ሥራው መድረክ ላይ ወጥቶ ሰው ማሳቅ ነው፤ በተጨማሪ ቴድ የሚያዘጋጀውን "ሀው ቱ ቢ ኤ ቤተር ሂውማን" የተባለ ፖድካስት ይመራል። "እንዴት የተሻለ ሰው መሆን ይቻላል" እንደማለት ነው።

ዛሬ ያነሳነው ግን ለቀልዱ አይደለም። ደፊ "ብራይት ስፖትስ" ብሎ የሰየመው ሳምንታዊ ደብዳቤ አለው። በኢሜይል ነው የሚልከው። ካያቸውና ካነበባቸው ነገሮች ውስጥ ያነቃቁትን፣ ያሳቁትንና የገረሙትን ይመርጥና "ይቺን እዩልኝ" ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

"ታዲያ ይሄ ምኑ ይወራል? የኔ ጓደኛ በቀን አርባ ቲክቶክ ይልክልኝ የለ እንዴ!" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ ያልነው እሱኑ ነው። ግን እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ትናንት ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ካያችሁት ውስጥ ሦስቱን አስታውሱ። ሦስት ብቻ።

ካስታወሳችሁ ጎበዝ ናችሁ። ብዙዎቻችን ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ስክሮል አድርገን በእጃችን የሚቀረው የደከመ ዓይንና ትንሽ ንዴት ነው። ንዴቱ ከየት መጣ? እሱን ለመረዳት ስልካችን እንዴት እንደሚመርጥልን ማየት ይኖርብናል።

ከፌስቡክ እንጀምር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስቡክ የትኛው ፖስት ከፍ ብሎ ይታይ የሚለውን ሲወስን፣ የልብ፣ የሳቅ፣ የግርምት፣ የሐዘንና የቁጣ ምልክቶችን ከተራው ላይክ አምስት እጥፍ ይመዝናቸው ነበር። አዎ፣ ቁጣንም ጭምር። አንድ ሰው ተናዶ ቀይ ፊቱን ሲጫን ሲስተሙ የሚረዳው "ይሄ ነገር ስሜት ቀስቅሷል፤ ለሌላውም ይታይ" ብሎ ነው። ከኩባንያው ያፈተለኩ የውስጥ ሰነዶችን ይዞ ዋሽንግተን ፖስት በ2021 እንደዘገበው፣ የፌስቡክ የራሱ ባለሙያዎች በ2019 ቁጣ የበዛባቸው ፖስቶች ሐሰተኛና መርዛማ ወሬ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አረጋግጠው ነበር። የቁጣ ምልክት ክብደት ዜሮ የሆነው በ2020 ነው። የሚገርመው ደግሞ ዜሮ ሲሆን ሰው ፌስቡክ መጠቀሙን አልቀነሰም።

እስከዚያ ድረስ ግን ሦስት ዓመት አልፏል። በእነዚያ ሦስት ዓመታት እኛ ፌስቡክ ላይ ምን ስናደርግ እንደነበር እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

ሌላ ጥናት እንጨምር፤ ይሄኛው እኛ ርዕስ ጻፊዎቹንም ይመለከታል። አፕዎርዚ የሚባል የአሜሪካ ድረ ገጽ አለ፤ የሚታወቀው ደስ የሚል፣ ተስፋ የሚሰጥ ታሪክ በማሰራጨት ነው። ይህ ገጽ ለአንድ ታሪክ ብዙ ዓይነት ርዕስ እያወጣ የትኛውን ሰው እንደሚነካ ይፈትን ነበር። ተመራማሪዎች ወደ 105,000 የሚሆኑትን እነዚህን ርዕሶች መርምረው በ2023 ኔቸር ሂውማን ቢሄቪየር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጡ። መካከለኛ ርዝመት ያለው ርዕስ ላይ አንድ አሉታዊ ቃል ሲጨመር፣ የሚነካው ሰው በ2.3 በመቶ ይጨምራል። አዎንታዊ ቃል ሲጨመር ደግሞ ይቀንሳል። መልካም ዜና ፍለጋ በሚመጣ ሰው ላይ እንኳን ማለት ነው!

እንግዲህ አልጎሪዝሙ ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጣታችሁ ቆመ ወይስ አለፈ። ጣት ደግሞ መኪና ሲጋጭም ይቆማል፣ ሰው ሲሰዳደብም ይቆማል። መቆማችሁን እንጂ ከቆማችሁ በኋላ ምን እንደተሰማችሁ አያይም።

የሰው ምርጫ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። መጥፎ ሽሮ ቤት የጠቆማችሁ ጓደኛ በማግስቱ ዓይናችሁን ያያል። "እንዴት ነበር?" ብሎ ይጠይቃል፤ ምግቡ ካልጣማችሁ ያፍራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠቁማችሁ ይጠነቀቃል። ባጭሩ ይሉኝታ አለው። አልጎሪዝም ይሉኝታ የለውም። ደፊ ግን ደብዳቤው ላይ ስሙ አለበት፤ የማይረባ ነገር ደጋግሞ ከላከ ሰው ደብዳቤውን መቀበል ያቆማል።

ሌላም አለ። ደብዳቤው ያልቃል። አንብባችሁ ትጨርሱና ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ። ፊድ ግን አያልቅም፤ እንዳያልቅ ሆኖ ነው የተሠራው። ሳምንት መጠበቅ የድሮ ሰው ነገር ይመስላል፣ ግን የምትጠብቁት ነገር ሲመጣ ጣዕሙ ሌላ ነው።

ቆይ፣ ለምን ኮሜዲያን? መምህር ወይ ጋዜጠኛ ቢመርጥልን አይሻልም?

ደፊ መምህርም ነበር። ቦስተን ውስጥ አምስተኛ ክፍል ያስተምር ነበር። አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ከሆናቸው ልጆች ጋር የዋለ ሰው ደግሞ በትንሽ ነገር መገረምን መቼም አይረሳም። ሆኖም ዋናው ምክንያት የሙያው ጠባይ ይመስለናል። ኮሜዲያን እንጀራው ማስተዋል ነው። እኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ስልካችንን ስናይ፣ እሱ ሰልፉን ያያል። ሁሉም ሰው አይቶት ማንም ያላስተዋለውን ነገር ይዞ ካልመጣ መድረክ ላይ ማንም አይስቅለትም።

ደፊ አንድ ጊዜ የሠራትን ነገር ስሙ። ሊንክድኢን ላይ፣ ያው ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኝበት ገጽ፣ የራሱን የሥራ ድርሻ "የሊንክድኢን ዋና ሥራ አስፈጻሚ" ብሎ ሞላ። ማንም አልከለከለውም። ልክ ዓመት ሲሞላው ሲስተሙ ራሱ ለሚያውቁት ሰዎች "ክሪስ የሊንክድኢን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከሆነ አንድ ዓመት ሞላው፤ እንኳን ደስ አለህ በሉት" የሚል መልዕክት ላከላቸው። በተቋሙ ስም፣ በተቋሙ ገጽ! ያንን የሥራ ድርሻ መሙያ ሳጥን ሚሊዮኖች ሞልተውታል። እንዲህ ብሎ ቢሞላ ምን እንደሚመጣ ያሰበው ግን ለማሳቅ የሚኖር ሰው ነው።

"ዩር ዚ ኤክስፐርት" የሚል ፕሮግራምም ነበረው። አንድ ተመራማሪ ይጋበዛል፤ ሦስት ኮሜዲያኖች ደግሞ ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ሲያጠና እንደሚውል በጥያቄ ለመገመት ይሞክራሉ። ግምቱ እየሳተ ሰው ይስቃል፤ መጨረሻ ላይ ግን ተመራማሪው ስለ ሥራው ያስረዳል። ሳቁ በር ከፈተ፣ ዕውቀቱ ገባ። ደብዳቤውም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

እኛ ጋም ይሄ ነገር እንግዳ አይደለም። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ኮሜዲያን አለባቸው ተካ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን "አለቤ ሾው"ን ሲያቀርብ ቀልድ ብቻ አልነበረም የሚያቀርበው። ማንም የማያውቀውን ሰው ያመጣና ታሪኩን ያሰማ ነበር። ዛሬ ደግሞ ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዶንኪ ቲዩብ ተራ ሰዎችን እያስቀመጠ ያወራል። ሁለቱም "ይሄን ሰው እዩልኝ" ነው የሚሉት። መድረኩ ቴሌቪዥን ሆነ ዩቲዩብ፣ መራጩ ግን ስሙ የሚታወቅ ሰው ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይምጣ። "ሀገሩ እንዲህ ሆኖ አንተ የሚያስቅ ነገር ትመርጣለህ?" ይሄን ጥያቄ ገጻችን ላይ ደስ የሚል ነገር ለጥፈን የማናገኝበት ቀን የለም። ጥያቄው የጤና ነው። ወገኑ የተቸገረበት ሰው ሳቅ ሲያይ ቢያመው አይፈረድበትም፤ እሱን ዝም በል ለማለት አንደፍርም።

ግን ደፊን ስናይ አንድ ነገር እንረዳለን። ይሄው ሰው ኤችቢኦ ላይ ይቀርብ የነበረው "ዋያት ሴናክስ ፕሮብለም ኤሪያስ" የተባለ ሳምንታዊ ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዙር ሙሉውን የአሜሪካን የፖሊስ አሠራር ችግር ሲመረምር ነው የከረመው። ስለዚህ ደስ የሚል ነገር የሚመርጠው ክፉውን ስላላየ አይደለም። ክፉውን ለረጅም ጊዜ ማየት የሚችለውም መተንፈሻ ያለው ሰው ይመስለናል። ቀኑን ሙሉ መጥፎ ዜና ስናነብ ውለን ማታ ላይ ለማን ምን እንዳደረግን ብንቆጥር፣ ብዙ ጊዜ ምንም ነው። ደክሞናል ብቻ።

አደጋ የለውም አንልም። በ2020 ኮቪድ ሰውን ቤት ሲዘጋ፣ "ዚ ኦፊስ" በተባለው ኮሜዲ የምታውቁት ጆን ክራሲንስኪ ከቤቱ ሆኖ "ሳም ጉድ ኒውስ" የሚል የመልካም ዜና ፕሮግራም ዩቲዩብ ላይ ጀመረ። ዓለም ወደደው። ስምንት ክፍል ሠራና ለቫያኮም ሲቢኤስ ሸጠው። እሱ ሌላ ሥራ ስላለብኝ ብቻዬን ልቀጥለው አልቻልኩም አለ፤ ብዙ ተመልካች ግን ተቆጣ። ሰዎች በነጻ የላኩትን ደስታ ሸጥክ አሉት። እኛ እንደምንገምተው የተቆጡት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከቤቱ ሆኖ የሚመርጥላቸው ሰው ሊቀር ስለሆነም ነው።

ስለ ሳቅ አንድ ነገር ብለን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሮበርት ፕሮቫይን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰው በየቦታው ሲስቅ እየተከታተሉ መዝግበዋል። ሰው ብቻውን ከሚሆንበት ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን ሠላሳ እጥፍ የመሳቅ ዕድል አለው። ከመዘገቧቸው 1,200 ሳቆች ውስጥ ደግሞ ቀልድ የሚመስል ነገር የቀደማቸው ከ20 በመቶ አይበልጡም። የቀረው "መጣህ እንዴ?" እና "ደህና ሁኑ" በመሰለ ተራ ንግግር ላይ የተሳቀ ነው። እናም አስቂኝ ቪዲዮ ብቻችሁን ተኝታችሁ ስታዩት ፊታችሁ ሳይፈታ ከንፈራችሁ ብቻ ቢንቀሳቀስ አትገረሙ።

እኛም ነገሩን ለአራት ሳምንት ሞከርነው። ሕጉ ቀላል ነው። በሳምንት ሦስት ነገር፤ አንድ ያነቃቃን፣ አንድ ያሳቀን፣ አንድ የገረመን። ለቴሌግራም ግሩፕ ሳይሆን ለአንድ ሰው። ከእያንዳንዱ ጋር "ለምን አንተን አስታወሰኝ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ግዴታ ነው። ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት የምታስቸግረው፤ ሊንክ ወርወር ማድረግማ ማን ያቅተዋል!

በመጀመሪያው ሳምንት ሴቭ ያደረግነውን ሁሉ ስንፈትሽ ለሰው የሚላክ ነገር ጠፋ። ግማሹ ክርክር፣ ግማሹ ሰው ሲወድቅ። በሁለተኛው ሳምንት ከስልክ ውጭ መፈለግ ጀመርን። ታክሲ ውስጥ የሚለጠፉትን ጥቅሶች ስንት ዓመት ሳናነብ ተቀምጠንባቸዋል! የአንድ ጫማ ሰሪ የእጅ ጽሑፍ የዋጋ ዝርዝር፣ አንድ መካኒክ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብቻ ብልሽቱን ሲናገር፣ ሰፈር ውስጥ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እማማ የሞባይል ባንክ አጠቃቀም ለጎረቤት ሲያስተምሩ። ሰው ፎቶ ስናነሳ ግን እያስፈቀድን ነው፤ ይሄን አደራ።

ከመካከላችን አንዱ ሦስቱን ነገር የሚልከው ሪያድ ለምትሠራ እህቱ ነው። ድሮ የሚያወሩት ሁለት ነገር ነበር፤ ገንዘብ ደረሰ ወይ፣ እናታችን ተሻላት ወይ። በሦስተኛው ሳምንት እሷም ሦስት ነገር መለሰችለት። ያነቃቃት፣ አብራት የምትሠራ ፊሊፒናዊት በስልክ የነርስ ትምህርት መጀመሯ ነው። የገረማት፣ ክረምት ላይ አንድ ቀን የጣለ በረዶ ነው። ያሳቃት ደግሞ የምትሠራበት ቤት በቀቀን። ከእሷ ስልክ ንግግር ለምዶ፣ እመቤቲቱ በዓረብኛ ባዘዘች ቁጥር ከጎጆው ውስጥ ቀድሞ "እሺ!" ይላል። በአማርኛ።

ድምፁን ቀድታ ልካለታለች። ቢሯችን ውስጥ እስካሁን ስንት ጊዜ እንደሰማነው አትጠይቁን።